ቆዳ በእጅ መሥራት፦ ጎንደር ውስጥ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በበዓል ማግስት ጎንደር ውስጥ ሰፈር ለሰፈር ዞር ዞር ስትሉ አጥር ሥር የተጣለ የበግ ቆዳ ማየት የተለመደ ሆኗል። ሰብሳቢው ካልመጣ ወይ ዋጋው ካላዋጣ ቆዳው ይጣላል። ያንኑ ሰሞን ደግሞ ዓመት የማይሞላ የፕላስቲክ ቀበቶ ከሱቅ ይገዛል። ኮርቻ፣ መጫኛ፣ አቁማዳ፣ ማኅደርና የከበሮ ጠፍር በእጁ ሲሠራ በኖረ አገር ይህን ማየት ያሳዝነኛል።

ከሙያው ያራራቀን የገንዘብ እጦት ብቻ አይመስለኝም። ስለ ቆዳ የምናምናቸው ብዙ ነገሮች ልክ አይደሉም። ሙያውን መጀመር ከሚፈልጉ ወጣቶች አፍ ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ቆዳው ከተበላሸ ጥፋቱ ያለፋው ሰው ነው»

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእኛው ነው፣ በግ ያረድነው ሰዎች። ቆዳ ከእንስሳው ከተለየ ጀምሮ መበስበስ ይጀምራል። ሙቀቱ ሳይወጣ ጠቅልሎ ጥግ መወርወር፣ ፌስታል ውስጥ መክተት፣ «ነገ ጨው እናደርግበታለን» ማለት፣ ይህ ሁሉ ቆዳውን ይገድለዋል። በሰበሰ ማለት ጸጉሩ በየቦታው ይነቀላል፣ ፊቱ ይላጣል። ያኔ የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከእርድ በኋላ ሦስት አራት ሰዓት ሳይሞላ ስቡንና የቀረውን ሥጋ አንሱ። ቆዳውን ጸጉሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ጥላ ቦታ ዘርጉት። የሥጋውን በኩል በሙሉ በጨው ሸፍኑት፤ አንገቱና እግሩ ጋ ያለው እጥፋት እንዳይረሳ። የጨው መጠን የጥሬ ቆዳውን ክብደት 40 በመቶ ያህል ነው። ለአንድ የበግ ቆዳ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። የሚወጣው ውሃ እንዲወርድ ቦታው ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ፀሐይ ላዩን ቶሎ ያደርቀውና ውስጡ ታፍኖ ይበሰብሳል።

ቢላም ሌላው ጠላት ነው። ሆዱ ከተሰነጠቀ በኋላ ቆዳውን በቡጢ እየገፉ ማላቀቅ ይቻላል። በቢላ ጫፍ የተጫረ ቆዳ በጸጉሩ በኩል ደህና ይመስላል። ሲወጠር ግን ልክ እዚያ ላይ ይቀደዳል። ለስልቻ የሚሆን ፍየል እኮ ሆዱ ሳይሰነጠቅ በሙሉው ነው የሚገፈፈው። ያን የሚችሉ አባቶች ዛሬም ገጠር አሉ፤ ካገኛችኋቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ተማሩ።

እከክንም አትርሱ። ቅማልና ሌሎች ጥገኛ ነፍሳት የሚያመጡት በሽታ ነው። በጉ ጸጉር ለብሶ እያለ ብዙም አይታይም። ቆዳው ከለፋ በኋላ ግን ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ቀለም ብዙም አይሸፍነውም።

«ብራና የለፋ ቆዳ ነው»

አይደለም። ብራና ማልፊያ የሚባል ነገር አይነካውም። የፍየል፣ የበግ፣ አንዳንዴም የጥጃ ቆዳ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ የእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል። ሥጋውም ጸጉሩም በስለት ይፋቃል። እንደተወጠረ ይደርቃል፣ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል። ቀጥ ያለና ቀለም የሚይዝ ገጽ የሚወጣው ከውጥረቱና ከመድረቁ ነው። ውሃ ካገኘው ይጨማደዳል፤ ርጥበቱ ከቆየ ይበሰብሳል።

የለፋ ቆዳ ሌላ ነገር ነው። ማልፊያው ከቆዳው ክሮች ጋር ተሳስሮ እንዳይበሰብሱ ያደርጋቸዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት አንድ የብራና መጽሐፍ ይበቃል። ቅጠሉ ያልለፋ ነው። የእንጨት ገበታውን የሸፈነው ቀላ ያለ ቆዳ የለፋ ነው።

አለመልፋት ጉድለት አይደለም። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጠፍር አልጋ ርጥብ በሆነ ጠፍር የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። ከበሮም እንዲሁ። በለስላሳ የለፋ ቆዳ የተለበደ ከበሮ ድምፁ ይታፈናል። በኣታ ለማርያም አቋቋም የሚማር ተማሪ ልዩነቱን በጆሮው ያውቀዋል።

«ፋቂነት የዝቅተኛ ሰው ሥራ ነው»

ይህኛው ስህተት ከሁሉም በላይ ጎድቶናል። ብራና የሚፍቀውን ሊቅ እናከብራለን። ቁርበት የሚፍቀውን ጎረቤቱን ግን ስንንቅ፣ ለጋብቻ ስንሸሽ፣ ማዕድ ስንለይ ኖረናል። ሁለቱም እጅ ላይ ያለው ያው ቆዳና ያው ስለት ነው። ልዩነቱን የፈጠርነው እኛ ነን።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ታወጀ፣ ስድቡ ግን ብዙ ዘመን ቀጠለ። ውጤቱን ዛሬ እናየዋለን። አባት ልጁ እንዳይሰደብበት ሙያውን ሳያስተምረው ቀረ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ስታገኙ አንቱ ብላችሁ ቅረቡ። ሙያውን ልትወስዱ ነው የሄዳችሁት፤ ክብሩን ይዛችሁ ሂዱ።

የወንድ ሥራ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። ኮንሶ ውስጥ መፋቂያውን ራሳቸው ከድንጋይ ጠርበው ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። የጥንት የድንጋይ መሣሪያ የሚያጠኑ አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ሄደው ከእነሱ ይማራሉ።

«ባህላዊው ማልፊያ የጥቂት ሰዎች ምስጢር ነው»

ዋናው ነገር ታኒን የሚባለው፣ ቆዳን የሚያለፋው ንጥረ ነገር ነው። ታኒን በብዙ ዛፎች ቅርፊትና ቅጠል ውስጥ አለ። የግራር ቅርፊት የታወቀ ነው። የእንቧይ ፍሬም በአገራችን ቆዳ ለማልፋት ሲያገለግል ኖሯል። ቅርፊት ፍለጋ ግን የቆመ ዛፍ ዙሪያውን አትላጡ፤ ዛፉ ይደርቃል። ከተቆረጠ እንጨት ላይ ውሰዱ። አዊ ውስጥ ገበሬው ለከሰል የሚያለማው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ቅርፊቱ በታኒን የበለጸገ ነው። ከእንጨቱ ጋር አብሮ ሲነድ ያሳዝናል።

ምስጢር የሚመስለው ትዕግሥቱ ነው። ቅርፊቱ ተወቅጦ ይዘፈዘፋል። ቆዳው መጀመሪያ ቀጭን ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ወፈረው ይሸጋገራል። ከመጀመሪያው ወፍራም ውሃ ውስጥ ከገባ ላዩ ቶሎ ይለፋና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። መድረሱን ለማወቅ ጠርዙን ትንሽ ቁረጡና እዩ። መሃሉ ላይ ነጣ ያለ መስመር ካለ ገና ነው። ወፍራም የከብት ቆዳ በዚህ መንገድ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቅርፊቱን በብረት ድስት አትቀቅሉ፤ ብረትና ታኒን ሲገናኙ ይጠቁራሉ።

«ላይተር ካልጎዳው ኦርጂናል ነው»

ሻጩ ላይተር ለኩሶ ጫማው ላይ እልፍ ያደርገዋል። «አየህ? ኦርጂናል ሌዘር!» ይላል። ለአፍታ ያለፈ ነበልባል ግን ብዙ ነገር አያቃጥልም፤ ወፈር ያለ ፕላስቲክ እንኳን ይችለዋል። በዚያ ላይ በውፍረቱ ለሁለት ከተሰነጠቀ ቆዳ የታችኛው ክፍል ላይ ፕላስቲክ ተለጥፎ የሚሸጥ ዕቃ አለ። «ቆዳ ነው» ቢባል ውሸት አይደለም። ፊቱ ግን በጊዜ ይላጣል።

ላይተሩን ተዉትና የተቆረጠ ጠርዙን እዩ። ቆዳ ከሆነ የተጠላለፈ ክር ታያላችሁ። ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ከሆነ ሁለት ንብርብር ይታያል። ጀርባውን ዳስሱ። ፊቱን እጠፉት፤ የቆዳ ፊት ሲታጠፍ ጥቃቅን ሽብሽብ ያወጣል፣ ቀዳዳዎቹም እኩል የተደረደሩ አይደሉም።

«እውነተኛ ቆዳ ከሆነ ጌጥ ይታተምበታል»

ወጣቶች ብዙ ገንዘብ የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ ከሚያወጣው ቆዳ አብዛኛው ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ነው። በዓለም ላይም እንዲሁ ነው። ዘዴው የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በቅርፊት ሳምንታትና ወራት የሚፈጀውን በአንድ ቀን ገደማ ይጨርሳል። ቆዳው ለስላሳና ውሃ የሚችል ነው፤ ለጃኬት፣ ለጫማ ፊት፣ ለቦርሳ ይመቻል። ነገር ግን አርጥባችሁ ማኅተም ብትመቱበት ቅርጹ ተመልሶ ይጠፋል። ጠርዙንም በእንጨት ብታሹት አያበራም።

የጥንት የብራና መጻሕፍት ሽፋን ላይ ያሉትን መስቀሎችና መስመሮች አስቡ። በጋለ ትንሽ ብረት ተጭነው የወጡ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን ሳይጠፉ የቆዩት ቆዳው በዕፅዋት የለፋ ስለሆነ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ርካሽ ዘዴ አለ። የዛገ ሚስማር ኮምጣጤ ውስጥ ጨምራችሁ ጥቂት ቀን አቆዩ። ከዚያ አንድ ጠብታ ቆዳው ላይ። በዕፅዋት የለፋ ከሆነ ወዲያው ይጠቁራል። በክሮም ብቻ የለፋ ግን እንዲያ አይጠቁርም። ያው ውሃ ለጥቁር ማቅለሚያም ይሆናል። የክሮም ቆዳ ቁርጥራጭ ማገዶ አታድርጉ። ሲቃጠል ለጤና አደገኛ ወደሆነ የክሮም ዓይነት ሊለወጥ ይችላል።

«ወፍራም ቆዳ ሁሌም ጠንካራ ነው»

የፍየል ቆዳ ስስ ነው፤ ግን ክሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በቀላሉ አይቀደድም። ሱፉ የበዛ የደጋ በግ ቆዳ ደግሞ ወፈር ብሎም ላላ ያለ ነው። ጸጉራም የሆነው የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በስስነቱና በጥንካሬው ለጓንት ሥራ ዓለም ይፈልገዋል። ስትገዙ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ጠይቁ። ለቀበቶ ከ3 እስከ 4፣ ለኪስ ቦርሳ ከ1 እስከ 1.5 ይበቃል።

«የእጅ ስፌት ማሽን መግዣ ያጣ ሰው ሥራ ነው»

ማሽን ሁለት ክር ይጠቀማል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። በየቀዳዳው ይቆላለፋሉ። አንዱ ክር በአንድ ቦታ ከተበጠሰ ተራ በተራ እየለቀቀ ይሄዳል። ኮርቻ የሚሰፋበት የእጅ ስፌት ግን አንድ ክር በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ አለው። ሁለቱም መርፌዎች በየቀዳዳው ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። አንዱ ጎን ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። የክሩ ርዝመት የስፌቱን መስመር አራት እጥፍ ያህል ይሁን፤ መሃል ላይ እንዳያልቅባችሁ።

ክሩን በንብ ሰም አሹት። ሰም ከማር ነጋዴ ይገኛል። የድሮ ባለሙያዎች በጅማት ሲሰፉ ጅማቱን አርጥበው ነው። ሲደርቅ ይጠብቃል።

«መሣሪያው ከውጭ ካልመጣ አይሠራም»

ስልክ ላይ የምታዩት በሣጥን የተደረደረ መሣሪያ ለጀማሪ አያስፈልግም። ወስፌ በየቤቱ አለ፤ እናቶቻችን ሰፌድና ሞሰብ የሚሰፉበት። የእሱ ጫፍ ክብ ነው። ለቆዳ ጫፉን በሞረድ ጠፍጠፍ አድርጉት፣ ቆዳውን ሳይተረትር ይበሳል። አንጥረኛ ጋ ሄዳችሁም ማሠራት ትችላላችሁ። ከአሮጌ የሴጌቶ ምላጭ ጥሩ መቁረጫ ይወጣል። የተማሪ ኮምፓስ የስፌት መስመር ያሰምራል፤ ሹካ የቀዳዳ ርቀት ያመለክታል። ለመምቻ የወይራ መዶሻ፣ ለሥሩ ከግንባታ የተረፈ የእብነ በረድ ስባሪ። ቅዳሜ ገበያ አንድ ዙር ብትዞሩ አብዛኛው ይሟላል።

ገንዘባችሁን ሁለት ነገር ላይ አውሉ፤ ጥሩ የፖሊስተር ክርና የነሐስ ዘለበት። ዘለበቱን በማግኔት ፈትኑ። ከሳበው ብረት ነው፣ ይዝጋል። ቆዳውን ከጫማ ሠሪዎች ቁርጥራጭ ጀምሩ። በሙሉ መግዛት ስትደርሱ ባሕር ዳርና ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካዎች አሉ፤ መርካቶም አለ።

ስለቱን ግን አታሳንሱ። የደነዘ ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ሲበዛ ይንሸራተትና ጣት ይቆርጣል። ከመቁረጣችሁ በፊት ሁልጊዜ በአሮጌ ቀበቶ ጀርባ ላይ ሳሉት።

«ቆዳ ሲደርቅ ቅቤ መቀባት ነው»

ቁርበት ሲለፋ ቅቤ እየተቀባ ይታሻል፣ እውነት ነው። እዚያ ላይ ግን ቅቤው ከብዙ ሰዓት የእጅ ልፋት ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ያለቀ ጫማ ወይም ቦርሳ ላይ የተለቀለቀ ቅቤ ላዩ ላይ ይቀራል፣ ይሻግታል፣ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። የንብ ሰም ከጥቂት የጉሎ ዘይት ጋር አቅልጡና በስሱ ቀቡ። የረጠበ ጫማ ምድጃ ዳር አታድርቁ፤ ጋዜጣ ጎስጉሱበትና ጥላ ቦታ ተዉት።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቆዳ ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡ፤ አየር ይፈልጋል። ሻጋታ ካወጣ ውጭ አውጥታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቀጥሎ ኮምጣጤ በነካ ጨርቅ። በደንብ ሲደርቅ መልሳችሁ ሰም ቀቡት።