አሮጌው ራውተር፣ ሰርቪስ ቤቱና ሮቶው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የባሕር ዳር ግቢ አሠራር ይታወቃል። ፊት ለፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ ሰርቪስ ክፍሎች፣ መሀል ላይ የማንጎ ዛፍና የውሃ ሮቶ። ዋይፋዩ ትልቁ ቤት ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣል። የሰርቪሱ ተከራይ ስልኩን ይዞ ደጅ ላይ ይቆማል። ሽምብጥ፣ እኛ ግቢ፣ ደጅ የሚቆመው ሰው እኔ ነበርኩ። መላው የተገኘው ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ከጠጣ አሮጌ ሞደም ነው፤ እሱም ራውተር፣ ማለትም ዋይፋይ የሚያሰራጭ ሣጥን ስለሆነ፣ የትልቁን ቤት ዋይፋይ ወደ ሰርቪሱ ያደርሳል። እስኪሠራልኝ ግን ያልሰማሁት ምክር የለም። ግማሹ ስህተት ነበር።

«ሲግናል የሚጠፋበት ቦታ ሰካው፣ ይስበዋል።» አይስብም። ያለ ኬብል፣ ሪፒተር ሆኖ የሚሠራ ራውተር የሰማውን ነው የሚደግመው። እሱ ራሱ ካልሰማ ምን ይደግማል? ቦታው መሀል መንገድ ላይ ነው፤ ስልካችሁ ገና ደህና ሲግናል የሚያሳይበት። እንዲያም ሆኖ አሮጌ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሬዲዮ ነው የሚቀበለውም የሚልከውም፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ኬብል ከዘረጋችሁ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ለእኛ ግቢ 25 ሜትር ተረፈው።

«ሰክቶ ማብራት ብቻ ነው» ያለኝን ግን መቼም አልረሳውም። ኬብሉን ሰካሁ፣ መብራቶቹ በሩ፣ ደስ አለኝ። ማታ ከትልቁ ቤት የአከራያችን ድምፅ መጣ፦ «አንተ ልጅ! ኢንተርኔቱን ምን አረግኸው?»

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ብዬ ነቀልኩት። ወዲያው ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱም ራውተሮች አድራሻ፣ ኔትወርኩ ውስጥ የሚለዩበት ቁጥር፣ 192.168.1.1 ነበር። ሁለቱም ለሚመጣው ስልክ ሁሉ አድራሻ ያድላሉ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ሊቀመንበር መታወቂያ ሲሰጥ አስቡት። ከአሮጌው አድራሻ የተቀበለ ስልክ የኢንተርኔቱ መውጫ በእሱ በኩል ይመስለዋል። እሱ ጋ ደግሞ መውጫ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌውን ለብቻው ከላፕቶፕ ጋር አገናኙት። አድራሻውን ወደ 192.168.1.2 ቀይሩ፤ ዋናው ራውተር ለሌላ የማያድለው ቁጥር መሆኑን ግን አረጋግጡ። ዲኤችሲፒ የሚለውን አጥፉ፤ አድራሻ አዳዩ እሱ ነው። የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ሙሉ። ከዚያ ኬብሉን ከዋናው ላን ቀዳዳ (የቤት ውስጥ ኬብል መሰኪያው) ወደ አሮጌው ላን ቀዳዳ ሰኩ። ዋን የሚል ቀዳዳ (ኢንተርኔቱ ከውጭ የሚገባበት) ካለው አትንኩት። ሴቲንጉ ውስጥ «አክሰስ ፖይንት» (ዋይፋይ ማሰራጨት ብቻ) የሚል ምርጫ ካገኛችሁማ ተገላገላችሁ፤ አብዛኛውን ራሱ ያደርገዋል።

የስልክ መስመሩን ሞደም «ፋይበር ከገባ ቆሻሻ ነው» የሚሉም አሉ። የእኔው እኮ ያ ነው! የስልክ መስመር ቀዳዳው ባዶ ቢሆን ምን ቸገረን፣ ላንና ዋይፋይ እስካለው ድረስ ይሠራል። ዕድሜው ግን ይታይ። የዋይፋይ ደረጃው 802.11ኤን የሚል ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. የ2009 ነው፣ ለቪዲዮ ይበቃል። 802.11ጂ ብቻ ከሆነ እ.ኤ.አ. የ2003 ነው፤ 54 ሜጋ ቢባልም በተግባር 20 አካባቢ ነው። ከዌፕ (አሮጌው የዋይፋይ መቆለፊያ) በቀር ሌላ መቆለፊያ ከሌለው ጣሉት። ዌፕ በደቂቃዎች ይሰበራል።

ፍጥነት ይጨምራል? አይጨምርም። 10 ሜጋ የከፈለ 10 ሜጋውን ነው የሚካፈለው።

ሌላው «ጣና ዳር ሲግናል ይርቃል፣ ውሃ ያጠናክረዋል» የሚለው ነው። የሚርቀው ሐይቁ ላይ ግድግዳ ስለሌለ ነው። ውሃ ራሱ የዋይፋይ ሞገድ ይውጣል። ቀጥታ መስመሩ ላይ የተገተረ ሙሉ ሮቶ ከአንድ ግድግዳ በላይ ያግዳል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሰዋል። እኔ ሞደሙን ሮቶው ወደማይከልለው መስኮት ሳዛውረው ነው ጎረቤቴም ክፍል የደረሰው።

ዋይፋይ ስም ላይ ያለው 5ጂ ከሞባይሉ 5ጂ ጋር አይገናኝም። 5 ጊጋኸርዝ ለማለት ነው። ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ብዙም አይበሳም። ለሰርቪስ ቤት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚለው ይሻላል። ዋናውን ቻናል (የሞገድ መስመር) 1፣ አሮጌውን 6 ወይም 11 ላይ አድርጉ፤ እንዳይረባበሹ።

ቻርጀሩ ጠፍቶ «የገባው ሁሉ ይሆናል» ላላችሁ፦ አይሆንም። 9 ቮልት የሚፈልገው 12 ቢሰጡት ሊቃጠል ይችላል። ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት።

ኬብሉን እኔ በፕላስቲክ ቱቦ አድርጌ ቀበርኩት። ያም ሆኖ ኬብሉን መቅበር መብረቅን አያግድም። ሐምሌ ላይ ከጣና በኩል ማጉረምረም ሲጀምር ኬብሉንም ሶኬቱንም ነቅዬ ነው የምተኛው።