ስለ ዩኤክስ ዲዛይነር የሚነገረውና እውነታው

«ዩኤክስ ዲዛይነር ስክሪን የሚያሳምር ሰው ነው፤ ሥዕል የማይችል አይሞክረው።»

የዩኤክስ (የተጠቃሚ ተሞክሮ) ዲዛይነር ሥራ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ለተጠቃሚው እንዲቀል ማድረግ ነው። ቀለምና ፊደል መምረጥ ከሥራው አንዱ ክፍል ነው፤ መነሻው ግን ሰው የት ላይ እንደሚቸገር ማወቅ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አፕል ውስጥ «የተጠቃሚ ተሞክሮ» የሚለውን የሥራ መደብ መጠሪያ ያደረገው ዶናልድ ኖርማን የተማረው ኤሌክትሪካል ምህንድስናና ሥነ ልቦና ነው።

አንድ የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ እንውሰድ። ተጠቃሚው የተቀባዩን ስልክና የብሩን መጠን ሞልቶ ሲጨርስ የማረጋገጫ ቁጥር በኤስኤምኤስ ይመጣለታል። ቁጥሩን አንብቦ ሲመለስ የሞላው ሁሉ ጠፍቶ የመጀመሪያው ገጽ ይጠብቀዋል። ምክንያቱ፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ትንሽ የሆነ ስልክ ከጀርባ የቀረውን መተግበሪያ ስለሚዘጋው ነው። ቁልፉን አረንጓዴ ማድረግ እዚህ ምንም አይፈይድም። የተሞላውን በየደረጃው ማስቀመጥና ሰውየውን ካቆመበት ማስቀጠል ያስፈልጋል። ይህን ለማየት የሰውን ልማድም የስልኩን አሠራርም ማወቅ ይጠይቃል።

«ዘርፈ ብዙ ከሆነ ሁሉንም ብቻውን ይሠራል።»

አይሠራም። ፕሮግራመሩን «ኔትወርክ መሀል ላይ ቢቋረጥ ብሩ የት ይቀራል?» ብሎ ለመጠየቅና መልሱን ለመረዳት የሚያበቃ እውቀት ግን ሊኖረው ይገባል።

«መተግበሪያውን በተጠቃሚዎች ለመሞከር በመቶ የሚቆጠር ሰው ያስፈልጋል።»

የአጠቃቀም ተመራማሪዎቹ ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ስሌት አንድ ሞካሪ በአማካይ 31 በመቶ ያህሉን ችግር ያወጣል፤ አምስት ሲሆኑ 85 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ተጠቃሚዎቹ በጣም የሚለያዩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሻጭና ገዢ፣ ከየወገኑ ለየብቻ መውሰድ ነው። «ስንት በመቶው ይሳካለታል?» ለሚል ጥያቄ ግን አምስት ሰው አይበቃም።

አጠያየቁም ወሳኝ ነው። «ወደዱት?» ሲባል ሰው በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይላል። ይልቅ «ለእናትዎ 200 ብር ይላኩ» ብሎ ሥራ መስጠት፣ ከዚያ ዝም ብሎ ጣታቸው የት ላይ እንደሚቆም ማየት ነው። ቶሎ መርዳት ሙከራውን ያበላሸዋል።

«አማርኛ ለማድረግ ተርጓሚ ይበቃል።»

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያንገላታው ይህ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን እኛ ዘንድ ባዶ ነው፤ ያለን ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ሲስተሙ በመጨረሻው ስም «ውድ አቶ ከበደ» ብሎ ሲጽፍ ደብዳቤው የተላከው ለአያት ነው። ቁልፉ «ላክ» ካለ ሴቷን ትቷታል፤ «ይላኩ» ሁሉንም ያከብራል። የቀጠሮ መልእክት «3:00» ብቻ ካለ አንዱ ጠዋት በ3 ሰዓት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ይመጣል፤ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ነው። የወር ዝርዝሩ 12 ላይ ካለቀ በጳጉሜን የተወለደ ሰው ልደቱን የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6ኛዋን ቀን መርሳት አይገባም።

ፍለጋም አለ። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ «አልተገኘም» ከተባለ መዝጋቢው ሁለተኛ ፋይል ይከፍትለታል። ሲፈለግ ሀ፣ ሐና ኀ (ሃ፣ ሓና ኃም ጭምር)፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ (ኣና ዓም ጭምር)፣ ጸና ፀ እንደ አንድ ይቆጠሩ፤ በስክሪን ላይ ግን ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይታይ።

«የሥራ ማሳያ (ፖርትፎሊዮ) ማለት ያማሩ ስክሪኖች መደርደር ነው።»

ሁለት ወይም ሦስት ሥራ በዝርዝር ማሳየት ይሻላል። የጳጉሜን ቅጽ ያስተካከለ ሰው አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ችግሩ በማን ላይ እንደታየ፣ መጀመሪያ ሞክሮ ያልሠራለት ምን እንደነበረና ከዚያ ምን እንደለወጠ ይጻፍ።