የ5 በመቶ ዋስትና ምንድን ነው? የሕንድን ባቡር የሠራው ውል

አንድ ሰው ሱቅ ሊከፍት ነው እንበል። ካተረፈ ትርፉ የራሱ ነው። ከከሰረ ግን የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ ይከፍልለታል። ሰፈሩን ደግሞ ማንም አላማከረም። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የባቡር መስመሮች የዘረጉት እንዲህ ባለ ውል ነው። ስሙ የ5 በመቶ ዋስትና ይባላል። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በአንድ ኩባንያ በኩል ብናየው ይገባናል። ግሬት ኢንዲያን ፔኒንሱላ ሬይልዌይ በ1849 በእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ ተቋቋመ። ዳይሬክተሮቹ ለንደን ተቀምጠዋል። ሃዲዱ የሚዘረጋው ከቦምቤ፣ ከዛሬዋ ሙምባይ ተነስቶ ነው። ያኔ ሕንድን የሚያስተዳድረው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚባለው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት ነበር፤ ውሉንም የፈረመው እሱ ነው።

ባቡሩን የሚፈልግ ሞልቶ ነበር። እንግሊዝ አገር ያሉት የላንካሻየር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሕንድን ጥጥ በርካሽ ወደ ወደብ ማውረድ ፈልገዋል። አገረ ገዢው ሎርድ ዳልሁዚ ደግሞ ጦር ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው በፍጥነት ማድረስ ፈልጓል፤ በ1853 በጻፈው ማስታወሻ ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። የጠፋው ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ነው። የለንደን ባለሀብት ገንዘቡን የእንግሊዝ መንግሥት ቦንድ ውስጥ ቢያስቀምጥ 3 በመቶ ገደማ እያገኘ ቤቱ ይተኛል። ታዲያ ሩቅ አገር ላለ፣ ገና ላልተሠራ ባቡር ለምን ይስጥ?

መልሱ ውሉ ውስጥ ነበር። የባቡር ኩባንያው ላወጣው ካፒታል በየዓመቱ 5 በመቶ ይከፈለዋል። የባቡሩ ገቢ ካልሞላለት ጎዶሎውን የሚሞላው የሕንድ ግምጃ ቤት ነው። ግምጃ ቤቱ የሚሞላው ደግሞ በአብዛኛው ገበሬው በሚከፍለው የመሬት ግብር ነው። መሬቱ ለ99 ዓመት በነጻ ይሰጣል። ትርፉ ከ5 በመቶ ካለፈ ግማሹ መንግሥት አስቀድሞ ለከፈለው ወለድ ማካካሻ ይሆናል፤ ግማሹ ለባለአክሲዮኖች። ኩባንያው ሥራው አላዋጣኝም ካለም መስመሩን ለመንግሥት አስረክቦ ያወጣውን ካፒታል መልሶ መውሰድ ይችላል። ይቺን የመጨረሻዋን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቧት። (99 ዓመት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ አፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድም የ99 ዓመት ነበር።)

ሚያዝያ 16 ቀን 1853 የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር ከቦምቤ ተነስቶ 34 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ታኔ ሄደ። 14 ፉርጎ፣ 400 ያህል እንግዶች፣ 21 ጊዜ መድፍ። ሦስቱ ሎኮሞቲቮች ሳሂብ፣ ሲንድ እና ሱልጣን ይባሉ ነበር።

ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ መጣ። ወደ ፑኔ ለመሄድ ቦር ጋት የሚባለውን ገደል መውጣት ግድ ነው። ባቡሩ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ 558 ሜትር ይወጣል። ለዚህ 25 ዋሻ ተቆፈረ። ሥራው በ1856 ተጀምሮ በ1863 አለቀ። ሥራው በደራበት ጊዜ ከ40,000 በላይ ሰው ተራራው ላይ ነበር። ኮሌራ፣ ታይፈስ፣ የድንጋይ ናዳ እና ባሩድ በሺዎች የሚቆጠሩትን ገደሉ። በ1859 ሠራተኞቹ ደመወዛችን አልተከፈለንም ብለው ተነሱ፤ የመጀመሪያው ተቋራጭም ሥራውን ለቀቀ። የተካው ሰለሞን ትሬድዌል ሕንድ በገባ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ውሉን ባለቤቱ አሊስ ተረክባ በመሐንዲሶች አማካይነት አስጨረሰችው።

እዚህ ላይ ነው ዋስትናው ማንን እንደሚጠብቅ የሚታየው። ለንደን ያለው ባለአክሲዮን መስመሩ ገና ሳያልቅ፣ አንድም ቲኬት ሳይሸጥ ወለዱን ይቀበላል። ድንጋይ የሚፈልጠው ሰው ግን የሠራበትን ለማግኘት መጮህ ነበረበት። ገንዘቡ እንደ ልብ ይፈስ ነበር፤ እሱ ዘንድ ሲደርስ ግን ይደርቃል።

ወጪውም ልጓም አጣ። ዋስትና የተሰጣቸው መስመሮች በአንድ ማይል 8,000 ፓውንድ ገደማ ይፈጃሉ ተብሎ ነበር፤ በ1860ዎቹ መጨረሻ አማካዩ 18,000 ገደማ ደረሰ። መቆጠብ ለባለአክሲዮኑ የሚጨምርለት ነገር አልነበረም። እንዲያውም ካፒታሉ በጨመረ ቁጥር 5 በመቶው የሚታሰብበት ገንዘብ ያድጋል። የሥራው ጥራትም ቢሆን አላስተማመነም። በ1867 ቦር ጋት ላይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ድልድይ ተደረመሰ። የሕንድ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ዊሊያም ማሴይ በ1872 ለፓርላማ ኮሚቴ ቀርቦ የተናገረው አሁንም ይጠቀሳል፦ ባለሀብቱ 5 በመቶው ከተረጋገጠለት ገንዘቡ ሁግሊ ወንዝ ውስጥ ቢጣልም ጡብና ድንጋይ ቢሆንም ለሱ ልዩነት የለውም።

ሌላም ጫና ነበረ። የተረጋገጠው ወለድ የሚከፈለው በፓውንድ ነው፤ የሕንድ መንግሥት ግብር የሚሰበስበው ግን ከብር ማዕድን በተሠራ ሩፒ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የብር ዋጋ በዓለም ገበያ ወረደ። በ1890ዎቹ አጋማሽ ሩፒ ከፓውንድ አንጻር ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ዋጋውን አጥቶ ነበር። ያው 5 በመቶ፣ ያው ፓውንድ፣ ግን ከሕንዱ ገበሬ የሚወጣው ሩፒ በየጊዜው እየበዛ ሄደ።

ባቡሩ ለሕንድ ምንም አልጠቀመም ማለት አይቻልም። ሕዝቡ በሦስተኛ ማዕረግ ታጭቆ ተጓዘበት፣ ነገደበት፣ ዘመድ ጠየቀበት። የእንግሊዝን አገዛዝ ይተቹ የነበሩት ሕንዳዊው ፖለቲከኛ ዳዳብሃይ ናኦሮጂም የተከራከሩት በዚህ ላይ አልነበረም። እሳቸው ያሉት ሌላ ነው። በሌላ አገር የባቡር ወለድና የኃላፊዎች ደመወዝ እዚያው ይቀራል፤ ከሕንድ ግን ወጥቶ ይሄዳል። ሃዲዱም ሎኮሞቲቩም የሚገዛው ከእንግሊዝ ነበርና እኔም ክርክራቸው ልክ ይመስለኛል።

ከገዢዎቹ ወገንም ቅሬታ ተነሳ። የሕንድ እንደራሴ ሎርድ ሎውረንስ ትርፉ የኩባንያዎቹ፣ ኪሳራው የመንግሥት ሆኗል ብሎ ተሟገተ። በ1869 መንግሥት ራሱ ተበድሮ ባቡር መሥራት ጀመረ። ከ1880 በኋላ ኩባንያዎች እንደገና ሲጠሩ ዋስትናው ተመለሰ፤ ወለዱ ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

ግሬት ኢንዲያን ፔኒንሱላን መንግሥት በ1900 ገዛው። ማስተዳደሩ ግን እስከ 1925 በኩባንያው እጅ ቆየ። በ1951 መስመሩ ማዕከላዊ ባቡር ውስጥ ተጠቃለለ። የ1900ው ግዢ የተከፈለው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በዓመታዊ ክፍያ ነበር። የክፍያው ማብቂያ ከመጀመሪያው ውል 99 ዓመት ተቆጥሮ ተወሰነ፦ ነሐሴ 1948። ሕንድ ነጻ የወጣችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ፣ በነሐሴ 1947 ነው።