ፈር ተከለከለ ሲባል ምኑ ነው የተከለከለው?

«እንግሊዝ ፈር ከከለከለች ሱቅ ውስጥ እንዴት ይሸጣል?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ፦ ፈር ማለት ከነፀጉሩ ለልብስ የሚውል የእንስሳ ቆዳ ነው፤ እንስሳውን ማርባትን መከልከልና ቆዳውን መሸጥን መከልከል የተለያዩ ሕጎች ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝና በዌልስ በ2000 የወጣው ሕግ የሚመለከተው እርባታውን ብቻ ነው። እንደ ሚንክ (ለስላሳ ፀጉር ያለው ትንሽ ሥጋ በል አውሬ) ያለ እንስሳ ለፀጉሩ ተብሎ ማርባት ከጥር 2003 ጀምሮ ቆሟል፤ ከውጭ የገባውን መሸጥ ግን ይህ ሕግ አይነካም። ክርክሩ እስካሁን ያልበረደውም ለዚህ ነው።

ካሊፎርኒያ የዘጋችው ገበያውን ነው። ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ አዲስ ፈር መሸጥ ቀርቶ ለሽያጭ መስቀልም ያስቀጣል። ለምሳሌ ሎስ አንጀለስ ያለ ሱቅ የቀበሮ ፀጉር አንገትጌ ያላቸው ሦስት አዳዲስ ጃኬቶች ቢሰቅል እያንዳንዱ ጃኬት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ የመጀመሪያ ጥፋት ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል። የአያቷን የሚንክ ካፖርት የለበሰች ሴት ግን ምንም አትጠየቅም። ያገለገለ ስለሆነ ብትሸጠውም ይፈቀዳል። የበግ፣ የፍየልና የላም ቆዳ ፀጉሩ ሳይነሳ ቢሸጥም በሕጉ ፈር አይባልም፤ ለምድ ያለው አይስጋ።

ከቦታ ቦታ የሚለያየው ልዩ ፈቃዱ ነው። እስራኤል በ2021 ሽያጩን ስታግድ ለሃይማኖት፣ ለምርምርና ለትምህርት የሚውለውን በፈቃድ እንዲሸጥ ትታለች።