ነጭዋ ኳስ የት ትቀመጥ? በፑል ቤት የሚነገረውና ደንቡ የሚለው

በባሕር ዳር ፔዳ ካምፓስ አካባቢ የማዘወትረው ፑል ቤት አለ፤ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ጆተኒ ይዞ፣ ከጣና በኩል ለሚመጣው ነፋስ በሩን ከፍቶ የሚያመሽ ቤት ነው። እዚያ ከሚነሱት ክርክሮች የሚበዙት በዱላ የምትመታው ነጭዋ ኳስ ኪስ ከገባች በኋላ የት ትቀመጥ በሚለው ላይ ናቸው። በቅርቡ አንድ ወጣት ነጭዋን ጨዋታ በሚጀመርበት ጫፍ በኩል በጠመኔ በተሰመረው መስመር ዘንድ ሲያስቀምጥ ተጋጣሚው «ወንድሜ፣ ግማሿ ወጥቷል፣ መልሳት» አለው፤ ልጁም ወደ ባለቤቱ ዞሮ «ጋሼ፣ እስኪ እርስዎ ይፍረዱ» ሲል ጨዋታው ቆመ። የፍርዱን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚህ በታች እንደ መለኪያ የያዝሁት የዓለም ፑል-ቢሊያርድ ማኅበር ደንብ ነው።

ከሁሉ የሰፋው ስሕተት «ፋውል ከተሠራ ነጭዋ ሁልጊዜ ከመስመር ኋላ ትቀመጣለች» የሚለው ነው። 8 ኳስና 9 ኳስ በሚባሉት የፑል ዓይነቶች በጨዋታው መካከል ፋውል ሲፈጸም፣ ተረኛው ነጭዋን በጠረጴዛው ላይ በፈለገው ቦታ ያስቀምጣል፤ ወደፈለገውም አቅጣጫ ይመታል። መስመሩ የሚያስገድደው ኳሶቹን በሚበትነው የመጀመሪያ ምት ላይ ሲሆን፣ በ8 ኳስ ደግሞ በዚያው ምት ነጭዋ ኪስ ከገባች ተጋጣሚው ከመስመሩ ኋላ ይጀምራል። በ9 ኳስ ግን በመጀመሪያው ምት ብትገባም ቦታው ነጻ ነው። በአንጻሩ እስከ አንድ የተወሰነ ነጥብ በሚቆጠረውና 14.1 በሚባለው ጨዋታ፣ ነጭዋ በገባች ቁጥር ወደ መስመሩ ኋላ ትመለሳለች፤ እንዲህ ያሉ ደንቦች ሳይለዩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቀላቀላቸው ይመስለኛል የክርክሩ ምንጭ። የነጻ ቦታው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የቀሩኝ ኳሶች ሁሉ ከመስመሩ ኋላ ተሰብስበው ሳሉ ተጋጣሚዬ ነጭዋን ኪስ ቢከትና እኔ ከመስመሩ ኋላ ወደ ፊት እንድመታ ብገደድ፣ ቅጣቱ በአጥፊው ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ይወድቃል።

መስመሩ ራሱ የት እንዳለ የማይስማሙም ብዙ ናቸው። አንዳንዶች ከጠርዙ አንድ ክንድ ይላሉ፤ ሌሎች በዓይን ይገምታሉ። በፑል ጠረጴዛ መስመሩ የሚያልፈው ከርዝመቱ ሩብ ላይ፣ በጎንና በጎን ባለው እንጨት ላይ ከተተከሉት ምልክቶች በሁለተኛዎቹ መካከል ነው። የመጫወቻው ወለል 254 ሴንቲ ሜትር በ127 ሴንቲ ሜትር በሆነው ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ይህ 63.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በትንንሽ ቀይና ቢጫ ኳሶች የሚጫወቱት የእንግሊዝ ፑል ግን መስመሩን ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ ላይ ያደርገዋል፤ የአንዱን ልኬት ወደ ሌላው መውሰድ አይገባም።

አሁን ወደ ጋሼ ፍርድ። የፑል ኳስ 57.15 ሚሊ ሜትር ስፋት አላት፤ ጨርቁን የምትነካው ግን በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ ደንቡም የሚለካው በዚያች ነጥብ ነው። ስለዚህ ነጥቧ ከመስመሩ ኋላ እስካለች ድረስ ሆዷ ወደ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ መስመሩን አልፎ ቢታይ ችግር የለውም፤ «ግማሿ ወጥቷል» ያለው ልጅ በዚህ ተሳስቷል። ነገር ግን ጋሼ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከጨርቁ ትክክል አድርገው በስልካቸው መብራት ሲያዩ፣ ነጥቧ ያረፈችው በጠመኔው ላይ ነበር። በፑል መስመሩ ላይ ያለች ኳስ ከመስመር ኋላ እንዳለች አትቆጠርም፤ ከዚያ መምታትም ፋውል ነው። ወጣቱ ገና ስላልመታ ነጭዋን ወደ ኋላ ሳብ አደረጋት፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ። በስኑከር ግን ተቃራኒ ነው፤ ነጭዋ ከምትቀመጥበት ግማሽ ክብ መስመር ላይ መምታት ይፈቀዳል። ሁለቱን ጨዋታዎች የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቢሳሳት አይፈረድበትም።

«እጅህን ካነሣህ በኋላ መንካት አትችልም» የሚለው ደንብ የለም፤ ተጫዋቹ እስኪመታ ድረስ ቦታዋን መቀያየር ይችላል። በእጅ ብቻ ሳይሆን በዱላውም፣ በጫፉም ጭምር ሊያንቀሳቅሳት ይችላል፤ የተከለከለው እንደ ምት ወደ ፊት መግፋት ነው።

«ከመስመር ኋላ ያለ ኳስ ፈጽሞ አይመታም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ነጭዋ ከመስመሩ ኋላ ስትነሣ፣ እዚያው ያለውን ኳስ በቀጥታ ከመታች ፋውል ነው፤ መስመሩን ተሻግራ፣ ከሩቁ ጠርዝ ነጥራ ተመልሳ ብትመታው ግን ሕጋዊ ነው። የጎኑን ጠርዝ ነክታ ሳትሻገር ብትመታው አይበቃም። መስመሩ ላይ ያረፈ ኳስ እንደ ፊተኛ ስለሚቆጠር በቀጥታ ይመታል።

ነጭዋን በእጅ ይዞ ሲያስቀምጡ ሌላ ኳስ መንካትን ብዙዎች ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ዳኛ ባለበት ጨዋታ ግን በእጅ ያለችው ነጭ ኳስ፣ የጃኬት እጅጌ፣ የጋቢ ጫፍም ቢሆን ሁሉም የተጫዋቹ ኃላፊነት ነው፤ ነካ ማለት ፋውል ነው። ዳኛ በሌለበት ፋውል የሚቆጠረው በነጭዋ ላይ ብቻ እንዲሆን መስማማት የተለመደ ነው፤ ያኔም በልብስ የተነቀነቀውን ኳስ መመለስም ሆነ መተው የተጋጣሚው ምርጫ ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ያለፈን ፋውል ቆይቶ መጠየቅ አይቻልም፤ ቀጣዩ ምት ከመጀመሩ በፊት ካልተነገረ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። በዚያው ምሽት የተሸነፈው ልጅ «በሁለተኛው ጨዋታ ላይም እኮ መስመር ላይ አስቀምጦ ነበር የመታው» ብሎ ሲያጉረመርም፣ ጋሼ ኳሶቹን በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ እየሰበሰቡ «ሲመታ አጠገቡ ቆመህ ዝም ብለሃል፤ አሁን ሂሳብህን ክፈል» አሉት።