ኩታኑም ምንድን ነው?

ኩታኑም ከዛሬ 3900 ዓመት ገደማ በፊት የአሹር ነጋዴዎች ወደ አናቶሊያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቱርክ፣ ይልኩት የነበረ የሱፍ ጨርቅ ነው። አሹር በዛሬዋ ኢራቅ፣ ጤግሮስ ዳር ነበረች፤ ገበያው ካነሽ ደግሞ በቱርክ፣ ካይሰሪ አጠገብ። የአህያው ሲራራ 1000 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በስድስት ሳምንት ገደማ ይጨርሰዋል። ጭነቱ ቆርቆሮና ጨርቅ፣ የመልሱ ብርና ወርቅ ነበር።

ከጨርቁ ከፊሉ ከባቢሎን የተገዛ ነው። ሌላውን የነጋዴዎቹ ሚስቶች፣ ሴቶች ልጆችና ገረዶች ቤት ውስጥ ይሠሩታል። በእኛ አገር ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ነው፤ እዚያ ግን ሁለቱም የሴቶቹ ነበር።

ካነሽ ላይ ከ22 ሺህ በላይ የሸክላ ጽሑፎች ተገኝተዋል። ከእነዚህ አንዱ ነጋዴው ፑዙር አሹር ዋቁርቱም ለተባለች ሴት የላከው ትእዛዝ ነው። ካለፈው ይልቅ ለእያንዳንዱ ጨርቅ አንድ ምናን፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ያህል ሱፍ ጨምሪ፤ ሆኖም ስስ ይሁን፤ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይሸመን ይላል። አንዱ ገጽ ይበጠር እንጂ አይከርከም፤ ሌላው ለስለስ ብሎ ይበጠር፤ ጠጉሩ ከበዛ ግን እንደ ኩታኑም ይከርከም። ከዚህ እንደምንረዳው ኩታኑም ፊቱ የተከረከመ ጨርቅ ነው። የታዘዘው ልክ 9 ክንድ በ8 ክንድ፣ በዛሬው 4.5 ሜትር በ4 ሜትር ገደማ ነው። ለአንዱም ግማሽ ምናን ብር ይላክላታል፤ ደህና ዋጋ ነው።

ጨርቁ ሳይላክ ሲቀር ችግሩ ሁልጊዜ ከሽመናው አይመጣም። የነጋዴው ፑሹ ኬን ሚስት ላማሲ የታዘዘችውን ጨርቅ ያልላከችው ለቤተ ሰቡና ለልጆቹ ልብስ ስትሠራ ስለቆየች መሆኑን ጽፋለች። ካነሽ ሆኖ ጨርቋን የሚያጣጥለው ማን እንደሆነም በቁጣ ትጠይቃለች፤ እሷ የምትደክመው ከእያንዳንዱ ሲራራ ቢያንስ 10 ሰቅል ብር ለቤቱ እንዲገባ ነው። ሰቅል 8 ግራም ያህል ነው። ካነሽ ሲደርስም ቤተ መንግሥቱ ከጨርቁ 5 በመቶ ቀረጥ ያነሣል።

እነዚህን ሴቶች የባሎቻቸው ረዳት ብቻ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። የሽያጩ ብር ተመልሶ ይላክላቸዋል፤ ሱፍና እህል ይገዙበታል፣ ቀጣዩን ሥራ ይጀምሩበታል። ሱፍ አሹር ላይ ሲወደድ ላማሲ ለባሏ ትጽፋለች፤ ብሩን ስትልክ ሱፍ ጨምርበት፣ እዚህ ተወድዷል።