ኩሬተር ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ዐውደ ርዕይ ሲከፈት፣ በመግቢያው ጽሑፍ ላይ ከሠዓሊዎቹ ስም በታች «ኩሬተር» የሚል ቃል ይነበባል። ብዙ ተመልካች ሥዕሎቹን የሰቀለው ሰው ይመስለዋል። መስቀል ግን የመጨረሻው ሳምንት ሥራ ነው። ኩሬተር የትኛው ሥራ ከየትኛው ጎን እንደሚቆም የሚወስን፣ ለውሳኔውም በስሙ የሚጠየቅ ሰው ነው።

ቃሉ የተገኘው «መንከባከብ» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው። ጥንት የሙዚየም ንብረት ጠባቂ ማለት ነበር፤ በጣና ገዳማት ዕቃ ቤቱን ከያዙት አባት ኃላፊነት ጋር ይቀራረባል። ዘውዱንና ብራናውን ማወቅ፣ መቁጠር፣ ከእርጥበትና ከአይጥ መጠበቅ። ራሱን ችሎ ዐውደ ርዕይ የሚያስብ ኩሬተር ጎልቶ የወጣው ስዊዘርላንዳዊው ሃራልድ ዜማን በ1969 እ.ኤ.አ. በርን ከተማ ካዘጋጀው ዝግጅት ወዲህ ነው። እዚያ አንዱ ተጋባዥ የግድግዳ ልስን ፈነቀለ፣ ሌላው ደጅ ያለውን ንጣፍ ሰበረ። በአገራችን ሙያውን ካስተዋወቁት መካከል ከሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ጋር አዲስ አበባ ላይ ዞማ ሙዚየምን የመሠረቱት መስከረም አሰግድ ይገኙበታል።

ስለ ጣና ደንገል ዐውደ ርዕይ ይዘጋጅ እንበል። የታንኳ ሠሪ ፎቶግራፍ፣ ስለ እንቦጭ የተሠሩ የዘይት ቀለም ሥዕሎችና አንድ እውነተኛ ታንኳ አሉ። ፎቶው ታንኳው አጠገብ ሲሰቀል ተመልካች የእጅ ሙያ ያያል፤ ከእንቦጩ ሥዕል ጎን ሲሆን ደግሞ ሊጠፋ የደረሰ መተዳደሪያ ያያል። ፎቶው ያው ነው፤ ትርጉሙን የለወጠው ጎረቤቱ ነው። ኩሬተሩ አንዱን መርጦ ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ መጻፍ ካልቻለ፣ ገና በእጁ ያለው ክምችት ነው።

ቀጥሎ ልኬት ይመጣል። 10 ሜትር ግድግዳ፣ እያንዳንዳቸው 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ሥዕሎች 60 ሳንቲ ሜትር እየተራራቁ ቢይዝ ከ7 አይበልጡም። በአብዛኛው ዐውደ ርዕይ የሚበላሸው እዚህ ላይ፣ በይሉኝታ ነው። «የእገሌንስ እንዴት እንተወው» እየተባለ 12 ይሰቀልና አንዱም በወጉ አይታይም። ቁመትን በተመለከተ የሥዕሉ መሐል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን። 80 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሥዕል፣ ገመዱ ሲወጠር ከላይኛው ጠርዝ 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ሚስማሩ 184 ላይ ይመታል፤ 150 ሲደመር 40 ሲቀነስ 6። ጠርዝ ለጠርዝ ማስተካከል ስህተት ነው፤ መጠናቸው የተለያየ ሥዕሎች እንደ ልብስ ማስጫ ይመስላሉ።

ብርሃኑ የባሕር ዳር የራሱ ጣጣ አለው። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ አያስገባም የሚለው ምክር ለአውሮፓ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ወደ ውኃው የሚያይ አዳራሽ ሁሉ ሰሜን ያያል፤ እዚህ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። የውኃው ነጸብራቅም ይታከልበታል። ለወረቀት፣ ለጨርቅና ለቀለም ብራና ከ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቀለም ከ200 ሉክስ አለማለፍ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ መስኮቱ ወፍራም ነጭ ሸማ ይጋረድ፣ ወረቀት ከመስኮቱ ተቃራኒ ሳይሆን በጎን ግድግዳ ይሰቀል።

ክረምት ላይ ፀሩ እርጥበት ነው። ብራና ይኮማተራል፤ መስታወቱን የነካ ፎቶ ይጣበቅና ሲነሣ ይላጣል። በመስታወቱና በፎቶው መካከል የካርቶን ጠርዝ ማስገባት፣ ከክፈፉ ጀርባ ታችኛ ማዕዘኖች ላይ የቡሽ ቁራጭ ለጥፎ አየር እንዲያልፍ ማድረግ ርካሽና አስተማማኝ መላ ነው። ታንኳውም ከውኃ ወጥቶ በቀጥታ አዳራሽ አይገባም። በጥላ ሥር እስኪደርቅ ካልቆየ እርጥበቱንና ተባዩን ለጎረቤቶቹ ያካፍላል።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀት አለ። ሥራው ሲመጣ ፊቱ፣ ጀርባውና አራቱ ማዕዘኖቹ ፎቶ ይነሣሉ፤ ቀድሞ የነበረ ስንጥቅ ሁሉ ተጽፎ አምጪውም ተቀባዩም ይፈርማሉ። መቼ እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚያጓጉዝ፣ ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል እዚያው ይሰፍራል። ዝግጅቱ ወደ ገዳማት የሚዘልቅ ከሆነ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ትገባለች፤ ሥራ ሲከፋፈል ይህ ከወዲሁ ይታሰብ።

ይህን ሁሉ በጋራ የሚሠራ ቡድን የኩሬተሮች ስብስብ ይባላል። በ1999 እ.ኤ.አ. በክሮኤሺያዋ ዛግሬብ የተቋቋመውና የ2009ን የኢስታንቡል ቢያናሌ፣ ማለትም በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደውን የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ ያዘጋጀው ቡድን አንዱ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያዋ ጃካርታ የተመሠረተው ሩአንግሩፓ የተባለ ቡድን ደግሞ የ2022ን ዶኩመንታ፣ ማለትም በጀርመኗ ካሰል ከተማ በየአምስት ዓመቱ የሚካሄደውን ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ መርቷል። መሪ ሐሳባቸው የሩዝ ጎተራ ነበር፤ ገንዘቡንም ሐሳቡንም ተጋባዦቹ እንደ ጋራ ጎተራ ተካፈሉት። ደቦና ወንፈል ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ አደባባይ ላይ በተሰቀለ አንድ ትልቅ ሸራ ላይ አይሁድን የሚያዋርድ ምስል ተገኘ፤ ሸራው መጀመሪያ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ፣ ከዚያም ወረደ። ክርክሩ «ከመሰቀሉ በፊት ማን አየው?» የሚል ነበር። የጋራ ውሳኔ እውነተኛ ጥንካሬ አለው፤ አንድ ሰው ብቻውን የማያስባቸውን ሠዓሊዎች ያመጣል። ግን በደቦም ቢሆን የማን እርሻ እንደሚታረስ ይታወቃል። አምስት ሆናችሁ ስታዘጋጁ አንዱ የውል ወረቀቱን፣ አንዱ የግድግዳ ጽሑፉን፣ አንዱ ቁልፉንና መብራቱን በስሙ ይያዝ፤ እያንዳንዱን ሥራ ከመሰቀሉ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አይቶ ይፈርምበት።